ከሕያዋን ጋር ይጠራ ያሉት ስም፦ የሃምሳ አለቃ ፈቀደ ማኑሄ ዜና ሕይወት

የተወደዳችሁ የእድራችን አባላት፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ከዓለም ባንክ ሰፈርም ከሳንሱሲም መጥታችሁ ስላስተዛዘናችሁን እግዚአብሔር ያክብርልን። ይህን የማነብላችሁ የባለቤታቸው የወይዘሮ ሸዋገነት ታናሽ ወንድም ስሆን፣ ጋሼ ፈቀደ ወሬ ማርዘም ስለማይወዱ እኔም አላረዝምባችሁም።

ሃምሳ አለቃ ፈቀደ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ መድኅን፣ ከአባታቸው ከአቶ ማኑሄ ዳባና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋነሽ በ1953 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከከምባታ መጥተው ቅቤ ይነግዱ ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ ቅቤ እየመዘኑ አደጉ። እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ወታደር ቤት ገብተው፣ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ ድሬሰር ሆነው ሠለጠኑ።

በ1981 ዓ.ም. በሰሜን ግንባር ከውጊያ በኋላ ቁስለኛ ሲፈልጉ፣ ጭኑን የተመታ የጠላት ወገን ተዋጊ ግራር ሥር ወድቆ አገኙ። ፋሻው ለራሳችን ሰውም አይበቃ ተብለው ቢከለከሉ፣ የለበሱትን ከናቴራ ቀድደው ደሙን አቆሙለት፤ ውሃም አጠጡት። ጦሩ እንዲያፈገፍግ ሲታዘዝ ተሸክሜው ልሂድ ብለው አለቃቸውን ለመኑ፤ አልተፈቀደላቸውም። ኮዳቸውን ራስጌው አኑረው ሊነሱ ሲሉ የክርስትና ስሙን ጠየቁት፤ ወልደ ሰንበት አላቸው። ከዚያ ወዲያ ይኑር ይሙት አላወቁም። ለጠላት አዘንክ ተብለው ማዕረጋቸው እዚያው ላይ ቆመ፤ እሳቸውን ሲያንገበግባቸው የኖረው ግን ማዕረጉ ሳይሆን ሰውየውን ጥለውት መምጣታቸው ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ወደ ኮልፌ ተመልሰው፣ ሥራ ፍለጋ ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ ቀራንዮ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቁስል ሲያጥቡ ኖሩ። በዚህ ሰፈር ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተልጦ ጋሼ ፈቀደ ያላሸጉለት ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! በ1985 ዓ.ም. ከእህቴ ከወይዘሮ ሸዋገነት ጋር ተጋብተው ትሕትናንና እዮኤልን ወለዱ።

ሲቆጡ ያየናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወልደ ሰንበት በጸሎት እንዲታሰብላቸው ስሙን ለንስሐ አባታቸው ሰጥተው ነበር፤ ቄሱም በጦር ሜዳ የቆሰለ ሲባሉ የሞተ መስሏቸው ኖሮ ከሙታን ጋር ጠሩት። አቤት የዚያን ቀን! ድምፃቸው ከፍ ሲል ተሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ማን ሞተ አላችሁ ብለው ደጀ ሰላሙን ቀወጡት፤ ቤት ገብተውም እህል አልቀምስም አሉ። እህቴ ይህን ሁሉ ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው እንዴት አለ ይባላል ብትላቸው፣ እኔ የተለየሁት በሕይወቱ ነው፣ መሞቱን ያየ ካለ ይምጣና ይንገረኝ ብለው መለሱላት። ቄሱም ይቅርታ ጠይቀው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙን ከሕያዋን ጋር ሲያነሱት ኖረዋል። ሰሜን ላይ ዳግም ጦርነት የተነሳ ጊዜም፣ ያ ሰውዬ ልጆች ይኖሩት ይሆን እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ሃምሳ አለቃ ፈቀደ ኩላሊታቸውን ታመው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በ64 ዓመታቸው አርፈዋል። አልጋ ላይ ሳሉ ለእህቴ የሰጧት አደራ ሌላ አልነበረም፤ የኔ ስም ወደ ሙታን ሲዛወር የሱ አብሮ እንዳይሄድ ነው ያሏት። እሷም እያለቀሰች፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም ብላቸዋለች።

ሃምሳ አለቃ ፈቀደ ከሚወዷቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሸዋገነት፣ ከልጆቻቸው ከትሕትናና ከእዮኤል፣ ከልጅ ልጃቸው ከሉሲ ተለይተዋል። ቤተሰቡም ተመካክሮ፣ የት እንዳሉ የማናውቃቸውን፣ መልካቸውን አንድም ቀን ያላየነውን አቶ ወልደ ሰንበትን ከቀሪዎቹ ጋር እንዳነብላችሁ አዞኛል።

ከዛሬ ጀምሮ ከሙታን ጋር የሚጠሩትን የገብረ መድኅንን ነፍስ እግዚአብሔር ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ወልደ ሰንበትንም፣ ባሉበት፣ ከሕያዋን ጋር ያቆይልን። አሜን።