ባለ ሁለት ወንበር ክንፍ

«ሰፋ አድርገው ይክፈቱ፣ ጋሼ። እንደሱ... ጎሽ። አውቶብስዎ እንዴት ናት? የፊት መስታወቷ ተቀየረላት? መመለስ ባይችሉም ግድ የለም። እኔ ጥያቄ የምወደው መልስ በማይኖርበት ሰዓት ነው።»

የጥርስ ሐኪሟ ትንሿን መስታወት ሾፌሩ አፍ ውስጥ አስገቡ። ሾፌሩ ረጅም መንገድ የሚነዱ፣ ትከሻቸው ከወንበሩ የሚተርፍ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ግራ ጉንጫቸው በመርፌ ደንዝዞ፣ አፋቸው በጥጥ ተሞልቶ፣ ከ«እ» በቀር የሚወጣቸው ቃል የለም።

በስተግራ ረዳቷ ቆማለች፤ ምራቅ መምጠጫውን ይዛ። ጠዋት የገባችው እየሳቀች ነበር፤ «እትዬ፣ ትናንት አሸነፍን እኮ» እያለች። እትዬም ሳቁላት። የጥርስ ሐኪም ሳቅ፤ ሁሉም ጥርስ የሚታይበት።

ከመስኮቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ባሻገር፣ አዲስ የጥርስ ክሊኒክ ሊከፈት ነው። የመስታወቱ ወረቀት ገና አልተላጠም። ረዳቷ ከሰኞ ጀምሮ እዚያ ትገባለች፤ ትናንት ማታ በስልክ ቃሏን ሰጥታለች። እትዬ አያውቁም። ምሳ ሰዓት ላይ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ጀርባቸውን ሲሰጧት ትነግራቸዋለች። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቷል፤ «እትዬ፣ ሳይከፋዎት አንድ ነገር...» ከዚያ ወዲያ ያለው አልመጣላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርቀው እንዲሸኟት። የእሳቸውን ምርቃት ሳትይዝ መንገዱን መሻገር አልሆነላትም።

«ጨዋታ ይወዳሉ፣ ጋሼ? የካርታውን አይደለም፣ የስልኩን። አይሳቁብኝ፣ ጥጡ ይወጣል። በዚህ ዕድሜዬ አንዲት ልጅ አስተማረችኝ። የማውቃት ልጅ ናት... እርስዎ አያውቋትም። መቶ ሰው በአውሮፕላን ተጭኖ አንድ ደሴት ላይ ይዘረገፋል፤ ይተኳኮሳል፤ መጨረሻ የቀረው አሸናፊ ይባላል። እኛ ጥንድ ሆነን ነው የምንጫወተው። እሷ ከቤቷ፣ እኔ ከቤቴ፣ በጆሮ ማዳመጫ እያወራን። እዚያ ውስጥ ስሜ መንጋጋ ነው። የእሷን አልናገርም፤ የሰው ስም ማንሳት አልወድም።»

መስታወቱን አወጡ፣ መቦርቦሪያውን አነሱ።

«መጀመሪያ ከአውሮፕላኑ መዝለል እፈራ ነበር። እሷ ታዲያ ምን አለችኝ መሰልዎት? ‹ተከተል› የሚለውን ብቻ ይጫኑ፣ እትዬ፤ አወራረዱን ለእኔ ይተዉት። እጄን አጣጥፌ ቁጭ። እሷ በዞረችበት እዞራለሁ፣ እሷ በወረደችበት እወርዳለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ አሁን ከየት ይገኛል?... ከየትም።»

ረዳቷ ፈገግ አለች። አፏ በጭምብል ስለተሸፈነ ማንም አላየም። ቀኑ ጥሩ ነው ስትል አሰበች፤ እንዲህ ካነሷት ምሳ ሰዓት ላይ ይቀላታል።

መቦርቦሪያው ጮኸ፣ ውሃ ረጨ፣ ቆመ።

«ደሴቱ ላይ ደግሞ ክንፍ አለ። ግላይደር ይሉታል። ሞተር የለው፣ ጭስ የለው፤ ከተራራ ጫፍ ይገፉትና በነፋስ ይንሳፈፋል። ባለ ሁለት ወንበር ነው። የፊተኛው ይነዳል። የኋለኛው... የኋለኛው ያምናል። ሌላ ሥራ የለውም። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፤ የፊተኛውን ማጅራት እያዩ መሄድ ነው። የእርስዎ ተሳፋሪዎች እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ይልቅ እርስዎ የመንገድ ሰው ነዎት፣ ልጠይቅዎት። ይሄን ሁሉ ዘመን ሲነዱ፣ ተሳፋሪ ጭነው፣ ቁልቁለት መሃል፣ መሪውን ለቀው በመስኮት የወረዱበት ቀን አለ?... እንዲያው ለጨዋታ ነው።»

ሾፌሩ «እ» አሉ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ጋ ምጠጪልኝ» አሉ እትዬ፣ እንደ ጥጥ በለሰለሰ ድምፅ።

ረዳቷ መጠጠች። ፈገግታዋ ጭምብሉ ስር ቀዝቅዞ ቀረ። አዎ፣ ትናንት ወርዳለች። በታብሌቷ ክንፉን ከባሕሩ በላይ እየነዳች ሳለ ስልኳ ጠራ፤ የማዶው ሐኪም ነበር። እንዲህ ያለ ስልክ ሁለት ጊዜ አይጠራም። ፓራሹቷን ዘርግታ ዘለለች፣ ባሕሩ ዳር ያለ አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ዐረፈች፣ ታብሌቱን አልጋው ላይ ጥላ ስልኩን አነሳች። ክንፉ እትዬን ይዞ ወዴት እንደሄደ አላየችም። ጨዋታ አይደል።

«ምስጥ ክንፍ የምታወጣው ልትሞት ስትል ነው ይላሉ። የድሮ ሰው አይዋሽም፤ ግን ሁሉን አላየም። እኔ እስካየሁት ክንፍ ያወጣችው ሌላ፣ የሞተችው ሌላ። ውሃ ውስጥ ገባሁልዎት፣ ጋሼ። ወደ ፊተኛው ወንበር መሻገሪያው ቁልፍ የቱ እንደሆነ አላውቅማ፤ ማን ነግሮኝ? ‹ተከተል›ን ብቻ ነው የተማርኩት። እሷ ግን ጣሪያ ላይ ደህና ናት፣ ተመስገን። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። ይቺ ልጅ ፈሪም አይደለች፤ እንዲያው ለጎረቤት ሆነች እንጂ።»

መቦርቦሪያው እንደገና ጮኸ። አጭር ጩኸት።

«ደግሞ እኮ አሸነፍን። ሌላው እርስ በርሱ ሲተላለቅ እሷ ጣሪያዋ ላይ ጋደም እንዳለች ቀረች። ‹አሸናፊዎች› ተብሎ የሁለታችንም ስም በወርቅ ፊደል ወጣ። ሬሳዬ ባሕር ውስጥ፣ ስሜ ሰማይ ላይ። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ ላሟ ራሴ እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። ወተቱ የት ደረሰ አይበሉኝ... ወርዷል።»

የሾፌሩ ሆድ ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ነበር፤ አፋቸው ግን አልተባበራቸውም።

እትዬ ጉድጓዱን በአየር አደረቁ፣ ጥጥ ለወጡ፣ መሙያውን በቀጭኗ ብረት ጫፍ አነሱ። ሥራ ላይ እጃቸው የሌላ ሰው እጅ ነው፤ መርፌ ላይ ክር እንደምታስገባ ሴት።

«ተቀይመዋል ይሉኝ ይሆናል። እኔ? እኔ ጥርስ ውስጥ ሰው አይገባም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ሰው ጥርስ ውስጥ የምገባው፤ ሙያዬ ነው። ምላስና ጥርስ እንኳ አብረው ሲኖሩ ይጋጫሉ ይባላል፤ እኛ ግን አንድም ቀን ተጋጭተን አናውቅም። በምን እንጋጭ? ምላሷ እኮ ማር ነው። ጥርስን የሚበላው ምን እንደሆነ ባለፈው ነግሬዎታለሁ አይደል? መራራ አይደለም። መራራ ጥርስ በልቶ አያውቅም።»

ጠቅ፣ ጠቅ፣ መሙያውን ወደ ታች ጫኑት።

«ጥርስ ስነቅል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዳንዱ ሥር ያለው ይመስላል። እሱን ለማውጣት ስንት ይታገሉ ይሆን ብለው ሲሰጉ፣ እሱ ራሱ ጣትዎ ላይ ይመጣል። ለካ የወተት ጥርስ ነው። ደም የለው፣ ጩኸት የለው። እንዴት ያለ መልካም አወጣጥ ነው። ለሐኪሙ እንኳ አያስቸግርም።»

ረዳቷ ወደ መስኮቱ ላለማየት መብራቱን አየች። ስለ ክሊኒኩ ከየት ሊሰሙ ይችላሉ? ከማንም። ለእናቷ እንኳ አልተናገረች። ስለ ክንፉ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ስለ ጨዋታው። ይሁን፣ ስለ ጨዋታው ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ዛሬ ማታ እትዬን ፊት አስቀምጣ እሷ ኋላ ትሆናለች። ይሄ ሐሳብ ትንሽ አረጋጋት።

«አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። በዚህ ጨዋታ የሞተ ሰው አይሄድም። ቁጭ ብሎ፣ በሕይወት የቀረውን ጓደኛውን ያያል። ማየት ብቻም አይደል...»

መሙያውን አለሰለሱ።

«... ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ የራሱን ሐሜት አይሰማም ይላሉ። ያን ጊዜ የጆሮ ማዳመጫ አልነበረማ። ማይክ የምትባል ትንሽ ምልክት አለች፣ ጋሼ፤ ካልዘጓት ክፍት ናት፣ ልክ እንደ እርስዎ አፍ። እኔ ባሕር ውስጥ ነኝ፣ ሬሳ ነኝ፣ ጆሮዬ ግን ደረቅ ነው። አንዲት ጨዋ ልጅ ለአንድ ጨዋ ሰው በስልክ ስታወራ ሰማሁ። አቤት ድምፅ። ክንፍ ብላለች። ለሥራ ማለቴ ነው፤ ሌላ አልወጣኝም።»

ረዳቷ መምጠጫውን አጥብቃ ያዘች። ታብሌቱ ታያት። አልጋው ላይ፣ በጀርባው፣ መብራቱ እንደበራ። ምልክቷን አልነካቻትም ነበር።

«የደነቀኝ ምኑ መሰልዎት? ሰዋስዉ። ቀን ቀን ‹እሳቸው› የሚባሉ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ማታ ስልክ ላይ ‹እሷ› ሆነው አገኘኋቸው። ‹እሷማ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሥራውን እኔ ነኝ የምይዝላት።› ክንፉ ሲወድቅ ብቻዬን የወደቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንቱታዬም አብሮኝ ወድቆ ኖሯል።»

ሾፌሩ ዓይናቸውን ከጣሪያው አንስተው ወደ ግራ አዞሩ፤ ወደ ረዳቷ። ቶሎም መለሱት።

የእትዬ እጅ መንቀጥቀጥስ እውነት ነው። መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት፤ ብርጭቆ ሲያነሱ፣ ደረሰኝ ሲፈርሙ። ያን ቀን በሩን ዘግታ «ማንም አያይም፣ እትዬ፣ እኔ አለሁ» ብላቸዋለች፤ ከልቧ ነበር። ትናንት ምስጢሩን ለምን እንዳወጣችው አታውቅም። የማዶው ሐኪም «እዚያ ምን ምን ትሠሪያለሽ?» አላት። ትልቅ ሰው ለመምሰል ፈለገች። በእጇ የነበረው ትልቅ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«ጥሩ ነገር ነው እኮ። ስለ እኔ እጅ ለባዳ ሰው የሚጨነቅልኝ ማን አለኝ? ‹ከእኔ በኋላ አትቆይም፤ ደንበኞቹም ይከተሉኛል› አለችው። ሰሙ፣ ጋሼ? ያቺው ቁልፍ። እርስዎም ሲጠሩ እንዳያስቸግሯት። እጅዎን አጣጥፈው ‹ተከተል›ን መጫን ነው፤ አወራረዱን እሷ ታውቃለች።»

ቀጭኗን ብረት የጥርሱ ጫፍ ላይ አቆሙ። አልተንቀሳቀሰችም።

«እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ አፍዎ ውስጥ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል?»

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የተሰማው። ቀጭን፣ ፈጣን፤ ፕላስቲክ ከጥርስ ጋር ሲጋጭ። ተ-ተ-ተ-ተ። ሦስቱም ሰሙት። እትዬ የእጃቸውን ጫፍ አዩ፤ ብረቷ ቆማለች። ረዳቷ የራሷን እጅ አየች። መምጠጫው የሾፌሩ ጥርስ ላይ ይደንሳል።

እትዬ ግራ እጃቸውን ዘርግተው የረዳቷን የእጅ አንጓ ያዙት። በሁለት ጣት፣ እንደ ወፍ ጫጩት። ድምፁ እስኪጠፋ ያዙት።

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ። እኔ እይዝልሻለሁ።»

ከዚያ ሥራው በፍጥነት አለቀ። መሙያው ደረቀ፣ ተሞረደ፣ ተወለወለ። ወንበሩ ቀና አለ።

«ጨርሰናል፣ ጋሼ። ይጉመጥመጡ። ጉንጭዎ እስኪመለስ በዚያ በኩል አያኝኩ፤ የደነዘዘ ሰው ራሱን ሲነክስ አያውቀውም።» ፊታቸውን ሳያዞሩ ጨመሩ፣ «መብራቱን ያጥፉልኝ፣ እባክዎ።»

ረዳቷ ማንን እንደሆነ ለማየት ዞር አለች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

መብራቱን አጠፋች።

እትዬ ጓንታቸውን አወለቁ። ቀኝ እጃቸው ወደ ቧንቧው ሲዘረጋ አየችው፤ ሥራው አልቆለት፣ እንደልቡ ይንቀጠቀጣል። ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ውሃው ይወርዳል። ምሳ ሰዓት ነው፤ ልክ እንዳሰበችው። «እትዬ፣ ሳይከፋዎት...» ምላሷ ከሾፌሩ ምላስ የባሰ ደንዝዟል።

እትዬ ግን ወደ ሾፌሩ ነበር የሚያወሩት፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ ፈገግ ብለው።

«ያቺን ልጅ አማኋት እንዳይሉኝ ደግሞ። ልጅ ይመረቃል እንጂ አይታማም። እንዲያውም እስከ አሁን ስላልመረቅኋት ቅር ብሎኛል፤ አፍዎ ሲፈታ አሜን ይበሉልኝ። ክንፏን ያጽናላት። ከፍ ከፍ ትበል። ያረፈችበት ጣሪያ አያፍስስባት። ስሟ በወርቅ ይጻፍ። ዕድሜ ይስጣት፣ የኔን ያህል፣ ከኔም ይብለጥ፤ ጥርሷ ሳይወልቅ፣ ጆሮዋ ሳይደክም፣ የሚባለውን ሁሉ እየሰማች ትኑር። እጇ የሚዝልበት ቀን ሲመጣም፣ መምጣቱ አይቀርምና፣ ብቻዋን አያድርጋት... እግዜር እንደ ራሷ ያለች ረዳት ይስጣት።»