ስሟን በመስኮት ስለጠየቅኳት ሴት የሰጠሁት ቃል

የወረዳ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት፣ የምርመራ ክፍል
የምስክር ስም፦ ወ/ሪት ጽናት በኃይሉ
ዕድሜ፦ 24
ሥራ፦ በሣር አምባ ጤና ጣቢያ የመረጃ ሠራተኛ
አድራሻ፦ መንዝ፣ ሣር አምባ ከተማ፣ ቀበሌ 01
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ መጋቢት 16 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የወ/ሮ ወሰንየለሽ ገብረየሱስ አሟሟት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ም/ሳጅን አንዷለም ተክሌ

ይህን ቃል የምሰጠው ፖሊስ ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። የሟች ወንድም አቶ ፈንታ ገብረየሱስ፣ ነርሷ ሲስተር አማከለች ለእህታቸው መድኃኒት ከልክላለች ብለው ማመልከታቸውን፣ ሲስተር አማከለችም ከትናንት በስቲያ ተጠርታ መጠየቋን ሰምቻለሁ። ሲስተር አማከለች ግን ሟች መድኃኒት ሳታገኝ በተመለሰችበት ቀን ፈጽሞ አላየቻትም። ሟች እሷ ዘንድ ሳትደርስ የተመለሰችው ከእኔ መስኮት ነው።

በጤና ጣቢያው ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የታካሚዎችን መዝገብ በኮምፒውተር እይዛለሁ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መዝገብም በእኔ እጅ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ካርዳቸውን እቤታቸው ለማስቀመጥ የሚፈሩ ስላሉ የእነሱ ካርድ እኛው ዘንድ ይቀመጣል። በቀጠሯቸው ዋዜማ ኮምፒውተሩ የነገዎቹን ባለቀጠሮዎች ከነፋይል ቁጥራቸው ዘርዝሮ ያወጣልኛል። እኔም ፋይሎቹን ከመደርደሪያ አውጥቼ ሲስተር አማከለች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ ባለቀጠሮው ሲመጣ ካርድ መስኮት ላይ ሳይሰለፍ፣ ስሙን ሳይጠየቅ፣ በጓሮ በር ገብቶ መድኃኒቱን ይዞ ይሄዳል።

ሟች የምትመጣው ከጓሳ ጥግ ካለ መንደር ነበር። ለሰፈሯ የሚቀርብ ሌላ ጤና ጣቢያ እያለ አራት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ እኛ ዘንድ የምትመጣው የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ነው። ባሏ ሞቶባት ከወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። የፈተለችውን የበግ ጠጉር ልትሸጥ ገበያ እንደምትሄድ ለወንድሟ እየነገረች ትወጣለች። መጀመሪያ የመጣችው በ2001 ዓ.ም. የካቲት ወር ሲሆን ያን ጊዜ ደግፈን ነው ያስቀመጥናት። በዓመቱ ፊቷ ሞልቶ፣ ድምጿም ተመልሶ ነበር። አንድም ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም። የተመዘገበች ዕለት አድራሻዋን ስጽፍ፣ «ብቀርም ሰው ወደ ሰፈሬ እንዳትልኩብኝ። ሞታለች በሉና ተዉኝ» ብላኛለች።

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ወር በፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ ስላስቸገረን ናሲር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከቆላ መጥቶ ፀረ ቫይረስ ጫነልን። ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ራሱን በራሱ እንደሚያድስ፣ እኔ የምነካው ነገር እንደሌለ አስረዳኝ። ሲሄድም፣ «አንድ ቀን እንቢ ቢልሽ እንዳትቸገሪ የወሩን የቀጠሮ ዝርዝር አስቀድመሽ በወረቀት አውጥተሽ ያዢ» አለኝ። ሁለት ወር ያህል አደረግኩት። ከዚያ ተውኩት።

ጥቅምት 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ሰኞ፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መብራት አልነበረም። መብራት ሲመጣ የማክሰኞን ዝርዝር ለማውጣት ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ፀረ ቫይረሱ ወዲያው መታደስ ጀመረ፤ ሌላ ሥራ አላሠራ ስላለኝም ጠበቅኩ። 10፡30 ሲሆን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንዲነሣ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩት። ሲነሣ የታካሚዎች መዝገብ የሚከፈትበት ፕሮግራም የለም። ቫይረስ ተገኝቶ ታግዷል የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ወጣ። አዲሱ እድሳት የእኛን መዝገብ ቫይረስ ነው ብሎ እንደዘጋው ያኔ አልገባኝም። ሰዎቹ በሙሉ የጠፉ መስሎኝ ደነገጥኩ። ናሲር ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልኩ አይሠራም። ኃላፊያችን ለስልጠና ደብረ ብርሃን ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ለሲስተር አማከለች ነገርኳት። የቀረን በእጅ የተጻፈው ትልቁ መዝገብ ብቻ ነው፤ ከእሱ ላይ ሰውን ለማግኘት ደግሞ ሙሉ ስም ያስፈልጋል። ሲስተር አማከለች፣ «በመስኮት ስም አትጠይቂ። አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገቢና ጠይቂልኝ» አለችኝ። ይህን ማለቷ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ዕለቱ የሕፃናት ክትባትም ስለነበር ሰልፉ ደጁን ሞልቶት ነበር። እኔ ብቻዬን ስለሆንኩ ይፈጥንልኛል ብዬ፣ በጓሮ የሚመጣውን ሁሉ ወደ መስኮት እንዲመልስ ለዘበኛው ነገርኩት።

ሟች የመጣችው ወደ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ዘበኛው መልሷት ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ስሟን ከነአባቷ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታውቂኝ የለም እንዴ?» አለችኝ። የአባቷ ስም ከአፌ ጠፍቶብኝ ነበር። «አውቅዎታለሁ እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶብኝ ነው። የወር መድኃኒት ከሚወስዱት መዝገብ ላይ ልፈልግዎት» አልኳት። ልጆቹ ይጮሁ ስለነበር ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ከኋላዋ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ «ወሰንየለሽ፣ አንቺ ነሽ? ምን እግር ጣለሽ?» አለቻት። ያገሯ ሰው መሆኗ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። ሟች ዞር ብላ ሳመቻትና፣ «ጥርሴን አሞኝ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፣ «የጥርስ ሐኪም የላችሁም አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗን አይቼ ምን እንድላት እንደፈለገች ገባኝ። የለንም አልኳት። ምስጢሯን የጠበቅኩላት መስሎኝ ነበር። ለገበያ ያመጣችውን የበግ ጠጉር አንሥታ ወጣች። ሰልፉ ሲያልቅ ትመለሳለች ብዬ ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱን ሳልዘጋ ቆየሁ። አልተመለሰችም።

ናሲር ጥቅምት 17 ቀን ረቡዕ መጣ። ፕሮግራሙን ከታገደበት አውጥቶ፣ ፀረ ቫይረሱ ሁለተኛ እንዳይነካው አድርጎ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከመዝገቡ አንድ ስም አልጎደለም። ከቀጠሯቸው የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር ስናወጣ የእሷ ስም ብቻ ወጣ።

ለሲስተር አማከለች ሟች መቅረቷን እንጂ መስኮት ላይ የሆነውን አልነገርኳትም። እሷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ልላክ ስትለኝ፣ ሟች ሰው እንዳይላክባት መለመኗን ነግሬ አስተውኳት። በኅዳርም በታኅሣሥም ጠበቅኳት። በጥር ሁለት ጊዜ ዘመሮ ገበያ ወርጄ ጠጉር በሚሸጥበት ተራ ፈለግኳት፤ አላገኘኋትም።

መጋቢት 12 ቀን ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አቶ ፈንታና ጎረቤቶቻቸው በቃሬዛ አመጧት። ትንፋሽ አጥሯት ነበር እንጂ አእምሮዋ አልሳተም። ሲስተር አማከለች መርፌ ልታመጣ ስትወጣ ብቻችንን ቀረን። ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺ ምን አደረግሽ» አለችኝ። ለምን ሌላ ቀን እንዳልመጣች ስጠይቃት፣ «የዚያች ያገሬ ሴት ሕፃን ክትባቱን እስኪጨርስ ብዬ ነው፤ እስከዚያ እዚህ መመላለሷ አይቀርም» አለች። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። 8 ሰዓት ላይ አረፈች።

አቶ ፈንታ እህታቸውን ምን እናክማት እንደነበር ሲጠይቁን ሁለታችንም መናገር አልቻልንም። ከጠጉር መያዣዋ ውስጥ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ አግኝተው ይዘው ነበር። «መድኃኒት ስትሰጧት ኖራችሁ ለምን ከለከላችኋት? በሽታዋንስ ለምን ትደብቁኛላችሁ?» አሉን። መልስ ስላላገኙ ሲስተር አማከለችን ከሰሱ። በእሳቸው አልፈርድም።

መርማሪው የምጨምረው እንዳለ ጠይቀውኛል። አንድ ልመና አለኝ። ሟች የሸሸገችውን ወንድሟ እስካሁን አያውቁም። ይህ ቃል ለአቶ ፈንታ ወይም በችሎት ሲነበብ የመድኃኒቱ ስም እንዲዘለል፣ «ቀጠሮ ነበራት፣ መስኮት ላይ የነበረችው ልጅ መለሰቻት» ብቻ ተብሎ እንዲነገራቸው እለምናለሁ። መርማሪው ይህን የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ በመሆኑ ቃል ሊገቡልኝ እንደማይችሉ፣ ልመናዬን ግን እንዳለ እንደሚጽፉት ነግረውኛል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኛል። ያየሁትንና ያደረግኩትን እንጂ ያልሆነ ነገር አልጨመርኩበትም፤ የእኔ ጥፋት የሆነውንም አልቀነስኩም። ለዚህም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጽናት በኃይሉ (ተፈርሟል)
የመርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን አንዷለም ተክሌ (ተፈርሟል)