ባሱ የተቀነሰበት አልበም

ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ታክሲ ውስጥ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። አዲስ የሬጌ አልበም ተከፍቷል። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ሰውዬ ከእሱ ጋር ወሬ ጀመረ።

«ወንድሜ፣ አልበሙን ወደድከው?»

«ኧረ በጣም! ከወጣ ጀምሮ ሌላ ከፍቼ አላውቅም።»

«ታዲያ የባሱ ድምፅ የት ሄደ?»

«ቀነስኩታ! በሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ተሳፋሪ ይነጫነጫል።»

«ባስ ጊታሩን የምጫወተው እኔ ነኝ።»

«አትቀልድ! ከባንዱ ነህ?»

«ሦስት ዓመት ስቱዲዮ ተመላለስን። አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዘፋኙ ነው፤ ድምፁ፣ ድሬድ ፀጉሩ። ስለ ባሱ የጠየቀኝ የለም።»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አላወቅኩም።»

«ተወው፣ ለምጄዋለሁ።»

«አይ፣ ይችን ዘፈን እንኳን በባሱ እንስማት።»

ሹፌሩ ባሱን ሲለቀው፣ በሩን በትከሻዬ ደግፌ ያዝኩት።