የአልዱባ ቅቤና የሰምሃል ጸጉር

ጂንካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ክርክር ስሰማ እንቅልፌ የሚመጣ ሰው ነኝ፤ ያን ማክሰኞ ግን እንቅልፌ ራሱ ቁጭ ብሎ ሰማ።

ከአልዱባ ገበያ ስንመለስ መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ሚኒባሳችን ቆመ። እኛ ዘንድ ጠብታ አልወረደም፤ ጎርፉ ከማናየው ዝናብ መጥቶ በፊታችን ያልፍ ነበር። ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍ እየጎተተ ሲሄድ ብዙ ካየሁት በኋላ የቆመው ውሃው፣ የምንሄደው እኛ መሰለኝ። ተሳፋሪው በየግራሩ ጥላ ተበተነ። በእኔ በኩል የተቀመጡት ሁለት ናቸው። ወይዘሮ ብዙወርቅ በጂንካ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ወላጆቻቸው ከመንዝ የመጡ እናት ናቸው። ሶርሳ ደግሞ መድኃኒት ቤት የሚሠራ የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ነው።

ወይዘሮዋ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ እንደ ሕፃን አቅፈዋል።

«ለወጥ ነው እማማ?» አለ ሶርሳ።

«ለራስ ነው ልጄ። ሰምሃል የምትባል ልጅ አለችኝ፤ እዚሁ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። ፎረፎር ፈጃት። በሚቀጥለው ሰኞ ማስተማር ልትለማመድ ትወጣለች። እሷ ግን ‹ትከሻዬ ላይ እየረገፈ ተማሪ ፊት አልቆምም› ብላ ነገ ጠዋት ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ልትላጨው ቆርጣለች።» ቅሉን ጠበቅ አደረጉት። «እኔ የተላጨሁት አባቷን የቀበርኩ ቀን ነው። በእኛ ቤት ሴት የምትላጨው ለሐዘን ነው። እሷ ማን ሞቶባት ትላጫለች? ይህን ቅቤ ዛሬ ማድረስ አለብኝ።»

«ከዚህ በፊትስ ቀብተዋታል?»

«ምን ማለትህ ነው! በየማክሰኞው አልዱባ እወርዳለሁ። ትኩሱን አናቷ ላይ ለድፌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሻሽ አስራለሁ። ሦስት ቀን ሳትታጠብ ትቆያለች።»

«ይሻላታል?»

«ሁለት ቀን ጥፍት ይላል! ከዚያ ብሶበት ይመጣል። ቅቤው አንሶ ነው ብዬ ጨመርኩላት።»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም፣ አልኩ በሆዴ። ለመፍረድ ግን ምን አፍ አለኝ? እኔም ጥቁር ኮቴን ስለብስ ትከሻዬን ሰርቄ የማራግፍ ሰው ነኝ።

«እማማ፣ አይቆጡኝና ጠፍቶ አይደለም» አለ ሶርሳ ዝቅ ብሎ። «ቅቤው ቅርፊቱን አርሶ አናቷ ላይ ስለሚለጥፈው ነው የማይታየው። የሁላችንም ራስ ላይ በዓይን የማትታይ ፈንገስ ትኖራለች። የምትበላው የቆዳችንን ወዝ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ቆዳው ይቆጣና በወር የሚለወጠው በጥቂት ቀን እየተለወጠ ይረግፋል። እርስዎ ድርቀት መስሎዎት ቅቤ ሲጨምሩ ለፈንገሷ ቀለብ ሰፈሩላት።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! አልዱባ ገበያ የምናያቸው የበና ሴቶች ቅቤና ቀይ አፈር ተቀብተው ያምርባቸው የለ?»

«ያምርባቸዋል። እኔ የራስ ቆዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው አላልኩም። አንዱን ያልነካ ሌላውን ያሳክካል። የሰምሃል ራስ ግን ቅቤው እንዳልተስማማው በየሳምንቱ እየነገረዎት ነው።»

ወይዘሮዋ ቅሉን ከደረታቸው አወረዱት። ከማዶ አንዲት ፍየል ውሃውን እያየች ቆማለች። የደመና ጥላ ኮረብታውን ቀስ ብሎ ሲሻገር ሁላችንም በዓይናችን ተከተልነው።

«ከሰው ተጋብቶባት ይሆን? ወይስ ቆሻሻ ናት ልትለኝ ነው?»

«ኧረ እማማ! አይጋባም፤ ነውርም የለበትም። ጭንቀት ያባብሰዋል እንጂ። ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ይግዙላት። በሳምንት ሁለቴ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ አናቷን አሽታ አምስት ደቂቃ ታቆየው፤ ከዚያ በደንብ ትለቅለቀው። እስከ አንድ ወር ትቀጥል። ሲሻላትም እንዳይመለስ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ትታጠብበት። ካልለቀቃት፣ ከቆሰለ፣ ወይም ጸጉሯ በክብ በክብ ከተመለጠ ግን ሐኪም ይያት። ላምባ አድርጊበት የሚል ጎረቤት ካለ እንዳይሰሙ።»

«ጎረቤቴ ትናንት ብላኛለች!» አሉና ሳይፈልጉ ሳቁ። ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። «እንግዲያ በገዛ እጄ ነዋ ያባባስኩባት።»

«አላወቁም እኮ። እናቴም እንዲሁ ቀብታኛለች።»

ወንዙ ጎደለ፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ጂንካ ስንደርስ ወይዘሮዋ ወደ ቤታቸው አላቀኑም። ሶርሳን ተከትለው መድኃኒት ቤት ገቡ።

ከአንድ ወር በኋላ በርበሬ ልገዛ መደባቸው ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳያዩኝ ከመደቡ ጎን ባለው በረንዳ ላይ ጥቁር ሹራብ የለበሰች፣ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች ልጅ የተማሪዎች ደብተር ስታርም አየሁ።

«ማሳከኩ ቆመ መምህር፤ እንቅልፍ ትተኛለች፤ ማስተማሩንም ጀመረች» አሉኝ። ከዚያ ልጅቱ እንዳትሰማ ጠጋ አሉ። «ያን ቀን ስገባ መላጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለች። ‹ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ ቅቤው ነው ያባባሰብሽ› አልኳት። ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹አውቃለሁ እማዬ። ጓደኞቼ ከነገሩኝ ዓመት ሆነኝ። ግን በዚያ ፀሐይ አልዱባ ወርደሽ ስትመጪ እንዴት እንቢ ልበልሽ? መላጨቱ ቀለለኝ።›»

አንባቢዬ ሆይ፣ ፎረፎር በሻምፖ ይለቅቃል። ለሚወዱን ሰዎች እውነቱን መንገር፣ ሲነግሩንም መስማት ግን ከዚያ ይከብዳል፤ ሁለቱንም እንልመድ።

«ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። «አልዱባ አልወረዱም?»

«ምን ልሠራ? አሁን በየማክሰኞው ውሃ አሙቄ ራሷን እኔው አጥባታለሁ። አረፋው አናቷ ላይ እስኪቆይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላወራነው ነገር ነበረን መምህር።»