ጉንፋን የያዛቸው አያት

ከፒያሳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ የተቀመጡትን አዛውንት ድንገት አስነጠሳቸውና አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

“ይማርዎት፣ አባባ” አለች አጠገባቸው ያለችው ወጣት። “እንኩ፣ ሶፍት።”

“ያኑርሽ ልጄ። ጉንፋን ከያዘኝ ይኸው ሦስት ቀኔ።”

“ታዲያ ቤት አያርፉም?”

“እንዴት አርፋለሁ! ልጄ ሴት ልጅ ወልዳ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄን ልስም ነው የምሄደው።”

“እንኳን ማርያም ማረችልዎት! ግን በዚህ ጉንፋን ሊስሟት?”

“እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው የወጣሁት።”

“አሁን አስነጠሱበት እኮ! ትንፋሽም ያስተላልፋል። ለጨቅላ ደግሞ ከባድ ነው።”

አዛውንቱ መዳፋቸውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

“ልጄ፣ ደርሻለሁ፤ ግን አልገባም። አዎ፣ ጉንፋን ይዞኛል። ሲለቀኝ እስማታለሁ … ምን? አሁኑኑ?”

ፊታቸው በራ።

“ምን አሉዎት?”

“‘መንገዱ ዳር ቁም፣ ከበረንዳ አሳይሃለሁ’ አለችኝ። ወራጅ አለ!”

ታክሲው ቆመና ወረዱ። ከመንገዱ ማዶ፣ አንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ አንዲት ሴት በነጭ ፎጣ የተጠቀለለች ሕፃን ይዛ ብቅ አለች።

“ጆሮዋ የእኔ ነው!” ብለው ጮኹ አዛውንቱ።

“ከዚህ ሆነው ጆሮዋ ታየዎት?” አለች ወጣቷ በመስኮቱ በኩል እየሳቀች።

“የእኔን ጆሮ የትም ባየው አውቀዋለሁ!”

ታክሲው ሲነሳ፣ እኔም ለማላውቃት ሕፃን እጄን አውለበለብኩ።