ሰርቪሳችን ያረፈደበት ምክንያት

እኔ ክፍል ውስጥ አንብቢ ስባል እንኳ የምንቀጠቀጥ ልጅ ነበርኩ። ለታናሽ እህቴ ብዬ ግን የጻፍኩትን ታሪክ ስልኬ ላይ እያነበብኩ ቀዳሁላት። ታሪኩ ውስጥ ዓለም ጠፍታለች፣ መብራትም ሰውም የለም፤ ሁለት ልጆች ብቻ ከአያት ሰፈር ተነስተው በባቡሩ ሐዲድ ላይ ውሃ ፍለጋ ይሄዳሉ። ጉደኛዋ እህቴ ሳትነግረኝ ለሰርቪሳችን ሹፌር ለጋሽ ተክላይ በቴሌግራም ላከችላቸው። ጠዋት ሲኤምሲ ጋ መንገዱ ሲዘጋጋ በመኪናው ስፒከር ለቀቁት! የራሴን ድምፅ ስሰማ ወንበር ስር ልገባ ምንም አልቀረኝም። አሁን ሳቁብኝ ስል፣ ያ ሁሉ የሚንጫጫ ልጅ ጸጥ አለ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የቀዳሁት አለቀ፤ መጨረሻውን ገና አልቀዳሁትም ነበር። ትንንሾቹ "አንወርድም!" አሉ። ጋሽ ተክላይ ዞር ብለው "አንቺ ነሽ አይደል? በይ ጨርሺልን፣ እኔም ሁለቱን ልጆች መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም" አሉኝ። እየፈራሁ ጀመርኩ፣ ከዛ መፍራቴንም ረሳሁት። ሁለቱ ልጆች መገናኛ ላይ ውሃ ሲያገኙ መኪናው በጭብጨባ ተናወጠ።

ስንወርድ በር ላይ አርፋጅ የምትቆጣጠረው ዩኒት ሊደር "ለምን አረፈዳችሁ?" አለች።

አንዷ የኬጂ ልጅ "ዓለም ጠፍታ ነው፣ ሚስ!" አለቻት።

"ማነው ያጠፋት?"

እጄን አወጣሁ። "እኔ ነኝ፣ ሚስ።"