የካበርኔ ዘር ቆጠራ

እኔ ሽማግሌ ሆኜ ያልዳርኩት የልደታ ጎረምሳ የለም። ባለፈው ግን ለጎረቤቴ ልጅ ለዳዊት ሚስት ልንጠይቅ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ወጣን። የልጅቷ አባት አቶ በቀለ "እስቲ የልጁን ዘር ቁጠሩልኝ" ሲሉ የዳዊት አያት ስም ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ! ላቤ በደረጃው ወርዶ ግቢውን አጠበው። እጅ መንሻ ብለን ያመጣነው ቀይ ወይን ፊቴ ነበርና፣ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን እንደ ልጁ ታሪክ አነበነብኩት።

"አባቱ ቀይ ወይን፣ እናቱ ነጭ ወይን። ፈረንሳይ አገር እርሻ ላይ ሽማግሌ ሳይላክ ተገናኝተው ካበርኔ ሶቪኞን የተባለውን ወይን ወለዱ። ቆዳው ወፍራም ነው፣ በሽታ አይደፍረውም። በወጣትነቱ ምላስ ያደርቃል፣ ሲቆይ ይለሰልሳል። ችግሩ ዘግይቶ መብሰሉ ነው።"

"ጋሼ፣ ልጄን ለወይን ልድራት ነው?" ብለው አቶ በቀለ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አለቀልን ስል ልጅቷ ከጓዳ ጮኸች።

"አባዬ፣ እውነታቸውን ነው! ዳዊት እስኪበስል አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ!"

የአቶ በቀለ ሳቅ ልደታ ማርያም ድረስ ተሰማ። "ሰጥቻለሁ!" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "እርስዎ ግን ጋሼ፣ ከእንግዲህ ዝም ብለው ይጠጡ።"